«ካላመመህ አልሠራህም» ለሚለው የጂም ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ለጂም ጀማሪዎች የተጻፈ አንድ ምክር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ በማግስቱ ሰውነቱን ያላመመው ሰው በደንብ አልሠራም፤ ሕመሙ ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመ ላክቲክ አሲድ ስለሆነ በስኳር ውኃና ሰውነትን በማሳሳብ ይወጣል፤ ጀማሪ የመጀመሪያውን ወር በየቀኑ፣ አቅሙ እስኪሟጠጥ ይሥራ፤ ሕመሙ ከበረታበት ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ውጦ ይቀጥል፤ ወለምታም ሆነ ሌላ ጉዳት የደረሰበት ታሽቶ ስድስት ሳምንት ከማንኛውም እንቅስቃሴ ይታቀብ፤ ጡንቻ የፈለገ ሰው ካርዲዮ (እንደ ሩጫና ብስክሌት ያለ ልብና ትንፋሽ የሚያሠራ ልምምድ) አይንካ።

ጸሐፊው ሰው ከተቀመጠበት እንዲነሳ መፈለጋቸው ያስመሰግናቸዋል። ስለ እንቅልፍ የጻፉትም፣ ማሟሟቅ አይዘለል ማለታቸውም ልክ ነው። ከስድስቱ ምክሮች ግን ሁለቱ ጤነኛ ወጣትን ሆስፒታል ሊያስተኙ ይችላሉ። የቀሩት ደግሞ አዲስ የጀመረውን ሰው በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ያስቆርጡታል። ሁሉም ውስጥ የጎደለው መጠን ነው። ሰውየው ወይ እስኪወድቅ ይሠራል፣ ወይ ጭራሽ ይተኛል፤ በመካከል ያለው፣ ሰው በእውነት የሚጠነክርበት ሰፊ ቦታ በጽሑፉ ውስጥ የለም።

በማግስቱ ያላመመው አልሠራም?

በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ ሰው የዚህን መልስ በገዛ ጭኑ ያውቀዋል። ትንፋሹ የሚቆራረጠው ሲወጣ ነው፤ በማግስቱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ «እፎይ» ሳይሆን «ወይኔ» የሚያሰኘው ግን መውረዱ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል የሮጠም እንደዚሁ። ጡንቻ እያጠረ ይገፋል፤ እየተለጠጠም ሸክም ይዞ ቀስ አድርጎ ያወርዳል። ደረጃ ስንወርድ የፊት ጭናችን በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነታችንን ክብደት እየተለጠጠ ይይዛል። በዚህ ሥራ ላይ ሸክሙን የሚጋሩት የጡንቻ ክሮች ጥቂት ስለሆኑ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጭነት ይበዛል፣ ጥቃቅን ጉዳትም ይደርስባቸዋል። ሰውነት ለጥገና ሲነሳ አካባቢው ያብጣል፣ ነርቮች ይነቃሉ፣ ትናንት ምንም ያልነበረው መነካትና መንቀሳቀስ ማመም ይጀምራል። ሕመሙ ከሥራው በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፣ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል።

ሕመሙ የሚነግረን ጡንቻው ያልለመደውን ሥራ ማግኘቱን ብቻ ነው። ያንኑ ሥራ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ብንደግመው ሕመሙ በጣም ይቀንሳል፤ ያች አንዷ ልምምድ የሰጠችው መከላከያም ለሳምንታት ይቆያል። እንግዲህ ሥርዓት ይዞ የሚሠራ ሰው ከወር በኋላ ብዙም አያምመውም፤ ክብደቱ ግን በየሳምንቱ እየጨመረ ነው። የጸሐፊውን ምክር የያዘ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የጠፋውን ሕመም ለመመለስ ሲል በየሳምንቱ እንቅስቃሴ ይቀያይራል፣ ወይ ካቅሙ በላይ ይጭናል። የሚቀያይረው በአንዱም ሳይሻሻል ወራት ያልፉበታል። ካቅሙ በላይ የሚጭነው ደግሞ በታመመ ጡንቻ ላይ ነው የሚጭነው፤ በእነዚያ ቀናት ጡንቻው ጉልበቱ የቀነሰና መተጣጠፉ ያጠረ ስለሆነ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ላይ ተረከዙ ይነሳል፣ ወገቡ ይጎብጣል፣ ጉዳቱ እዚያ ይጀምራል።

እድገትን የሚለካ ደብተር ነው። ቀን፣ እንቅስቃሴ፣ ኪሎ፣ ዙር (ሳያርፉ በአንድ ጊዜ የሚሠራው)፣ ድግግሞሽ (በአንዱ ዙር ስንት ጊዜ)፤ ሌላ አያስፈልግም። መስከረም መጀመሪያ ላይ 30 ኪሎ ስኳት በ3 ዙር 8 ጊዜ የሠራ ሰው ጥቅምት ላይ በዚያው አሠራር 40 ኪሎ ከሠራ ጠንክሯል፤ አመመው አላመመው።

ላክቲክ አሲድ፣ ስኳርና ማሳሳብ

ይህ ሐሳብ በዓለም ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረ ስለሆነ ጸሐፊውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ሆኖም ሰዓቱ አይገጥምም። በከባድ ሥራ ጊዜ ደም ውስጥ የሚጨምረው ላክቴት (ላክቲክ አሲድ የሚባለው) አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ልብና ሌሎች ጡንቻዎች ራሳቸው እንደ ነዳጅ ይጠቀሙበታል። ሕመሙ የሚጀምረው ግን በማግስቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ሙከራ ነገሩን ግልጽ አድርጎታል፦ በሜዳማና በቁልቁል ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ ሰዎች ሲሮጡ ላክቴት የጨመረው በሜዳማው ነበር፤ በማግስቱ የታመሙት ግን ላክቴታቸው ያልጨመረው የቁልቁሉ ሯጮች ናቸው። የጡንቻ ክር መጎዳት ነው የሚለውን ሐሳብም ቴዎዶር ሃው የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ገና እ.ኤ.አ. በ1902 አቅርቦት ነበር።

ስኳር ውኃ ካሎሪ ከመጨመር በቀር ለዚህ ሕመም ምንም አያደርግም፤ የስኳር ሕመም ላለበት ደግሞ ጉዳት ነው። ማሳሳብን በተመለከተ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረው የ2011ዱ (እ.ኤ.አ.) የኮክሬን ግምገማ ከሥራ በፊትም ሆነ በኋላ ማሳሳብ በማግስቱ የሚሰማውን ሕመም እዚህ ግባ በሚባል መጠን እንደማይቀንስ ደምድሟል። ለመተጣጠፍ ጥሩ ነው፤ ለሕመም ግን ተስፋ አይጣልበት። ለጊዜው የሚያቃልለው ቀላል እንቅስቃሴ ነው፦ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የእግር ጉዞ፣ ባዶ እጅ ስኳት 10 ጊዜ፣ ሙቅ ሻወር። ለስለስ ያለ መታሸትም ትንሽ ይረዳል።

የመጀመሪያው ወር፣ በየቀኑ፣ እስኪሟጠጡ

እዚህ ላይ ቃላችንን አናለዝብም። ይህ ምክር አደገኛ ነው።

ያልለመደ ሰው፣ ወይም ለወራት አቋርጦ የተመለሰ ሰው፣ በአንድ ቀን ብዙ ዙር አቅሙ እስኪሟጠጥ ሲሠራ የጡንቻ ክሮቹ በብዛት ሊፈርሱ ይችላሉ። ከፈረሱት ክሮች የሚወጣው ፕሮቲን በደም አድርጎ ኩላሊት ይደርሳል፤ ሲበዛም ኩላሊቱን ያቆመዋል። ሐኪሞች ራብዶማዮሊሲስ ይሉታል። ምልክቶቹን ማንም ጀማሪ ማወቅ አለበት፦ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ወይም እንደ ጠቆረ ሻይ ይሆናል፤ የሠራው ክንድ ወይም ጭን አብጦ ይጠጥራል፣ አልታጠፍ ይላል፤ ሕመሙ ከተለመደው ውጭ ይከፋል፤ ድካምና ማቅለሽለሽ ይከተላል። የሽንቱ ቀለም ብቻውን እንኳ ቢታይ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ውኃ የጠማው ሰውነት ላይ አደጋው ይብሳል። እስከ 9 ሰዓት ሳይበላና ሳይጠጣ የሚጾም ምእመን፣ በረመዳንም ቀኑን ሙሉ የሚጾም ሰው፣ ከባዱን ሥራ ከፈታና ውኃ ከጠጣ በኋላ ያድርገው። በጾሙ ሰዓት መንቀሳቀስ ከፈለገ የእግር ጉዞ ይበቃዋል።

ታዲያ ጀማሪ ምን ይሥራ? በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ቀን እረፍት፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይመቻል። በእያንዳንዱ ቀን መላው ሰውነት ይሠራል፦ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ ክብደት) ደረት ላይ ይዞ ስኳት፤ ፑሽ አፕ፣ መሬት ላይ ካልተቻለ እጅን አግዳሚ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፤ አንድ እጅን ተደግፎ ዳምቤል ወደ ወገብ መሳብ፤ ጉልበትን ትንሽ አጥፎ ዳሌን ወደ ኋላ በመግፋት ክብደት ከጭን እስከ ቅልጥም መሃል ማውረድና መመለስ፤ ዳምቤል ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት፤ በመጨረሻ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣቶች ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከእያንዳንዱ አንድ ዙር ብቻ፣ ከ8 እስከ 10 ድግግሞሽ። ሲያቆሙ «ሌላ ሦስት ወይም አራት መጨመር እችል ነበር» የሚያሰኝ መሆን አለበት። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከላይ ያልነው መከላከያ የሚገነባው በዚህች አንድ ዙር ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ዙር፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ሦስት ዙር። በዙሮች መካከል ሁለት ደቂቃ ማረፍ። ብዙ ጀማሪ በ30 ሰከንድ ይነሳና ሁለተኛው ዙር ላይ ድግግሞሹ ከ10 ወደ 6 ሲወርድ ደካማ የሆነ ይመስለዋል፤ ያነሰው እረፍቱ ነው።

ክብደት መቼ ይጨመር? ሦስቱንም ዙር 12 ደርሶ አሁንም ሁለት ያህል የሚተርፍ ከሆነ፣ በሁለት ተከታታይ የልምምድ ቀን ይህ ከታየ፣ ይጨመራል። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ምክር ከ2 እስከ 10 በመቶ ነው። በባር (ክብደት በሚጫንበት ረጅም ብረት) ላይ ይህ በየጎኑ 1.25 ኪሎ ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚገጥም ችግር አለ፤ ብዙ ጂሞች ትንሹን ዲስክ አይዙም፤ ዳምቤሉም ከ10 ወደ 12.5 ኪሎ ይዘላል። ይህ 25 በመቶ ጭማሪ ነው፤ ትከሻ አይችለውም። መፍትሔው በ10 ኪሎው እስከ 15 ድግግሞሽ መድረስ፣ ቀጥሎ ሲያወርዱ እስከ ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ማለት፣ ከዚያ በ12.5 ኪሎ ከ8 መጀመር ነው።

ቤት የሚሠራ ሰው በዚህ ረገድ ይሻላል ማለት ይቻላል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ጀሪካን ውስጥ ግማሽ ሊትር እየጨመሩ መሄድ የትኛውም ጂም የማይሰጠውን ጥቃቅን እድገት ይሰጣል። ግማሽ ድረስ ብቻ የተሞላ ጀሪካን ግን ውኃው እየተላጋ ሚዛን ያስታል፤ ስለዚህ ከጭንቅላት በላይ ለመግፋት ሳይሆን ለመሳብና ለስኳት፣ ሰውነት ላይ አስጠግቶ መያዝ ነው። ለመግፋት ትንንሽ ጠርሙሶችን ጢም አድርጎ ሞልቶ መጠቀም ይሻላል።

ማሟሟቅ ማለት አምስት ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃና ያንኑ እንቅስቃሴ በቀለለ ክብደት መሥራት ነው። የቀኑ ስኳት 40 ኪሎ ከሆነ በባዶው 20 ኪሎ ባር 8 ጊዜ፣ በ30 ኪሎ 5 ጊዜ፣ ከዚያ ሥራው ይጀመር።

ዳይክሎፌናክ ውጦ መቀጠል

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። የጡንቻ መፍረስ፣ የውኃ ጥምና እነዚህ መድኃኒቶች በአንድ ቀን ከተገናኙ ኩላሊቱ ከሦስት አቅጣጫ ተመታ ማለት ነው። የጨጓራ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊነካቸው አይገባም። ተራ የጡንቻ ሕመም በራሱ የሚሄድ ነው፤ መድኃኒት አያሻውም።

ሌላው ጥፋት፣ ከሥራ በፊት የተዋጠ ኪኒን ጀማሪው መስማት ያለበትን ነገር መደበቁ ነው። ተራ የጡንቻ ሕመምና ጉዳት ይለያያሉ፤ ልዩነቱም በጣት ይታወቃል። ተራ የጡንቻ ሕመም በሁለቱም ጎን ይሰማል፤ ሁለቱም ጭን፣ ሁለቱም ደረት። ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ በማግስቱ ይመጣል፣ ሰውነት ሲሞቅ ይቀላል። ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ነው፤ «እዚህ ጋ» ተብሎ በአንድ ጣት ይጠቆማል፤ ብዙ ጊዜም የጀመረበት ቅጽበት ይታወቃል፣ ከኋላ ጭኔ አንድ ነገር ቷ አለ እንደሚባለው። በሥራ መካከል እየባሰ ይሄዳል። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰማ ሕመም፣ የጉልበት መቆለፍ ወይም መክዳት፣ ማበጥና መበለዝ ተራ የጡንቻ ሕመም አይደለም።

ታሽቶ ስድስት ሳምንት መተኛት

በመጀመሪያ ስለ መታሸቱ። ቁርጭምጭሚቱ የተጠማዘዘ ሰው ወደ ወጌሻ መሄዱ የኖርንበት ነው፤ ብዙ ወጌሾች በእጃቸው የሚያውቁት ነገር እንዳላቸውም አንክድም። ነገር ግን ትኩስ ወለምታ ውስጥ የተቀደደ ጅማትና የሚፈስ ደም አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠንክሮ ማሸት ያንን ያብሰዋል። አጥንት ከተሰበረም ስብራቱን ያናጋል። ስለዚህ ማንም ከመንካቱ በፊት ስብራት መኖር አለመኖሩን መለየት ይቀድማል። በካናዳ የኦታዋ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት መመሪያ ለዚህ ይረዳል። የተጎዳው ሰው እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፤ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ የወጡት አጥንቶች በኋላ ጠርዛቸው፣ ከጫፋቸው እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሲጫኗቸው ካመሙ፤ ወይም በትንሿ ጣት በኩል በእግር የውጭ ጠርዝ መሃል ጎላ ያለው አጥንት፣ ወይም ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ፊት ያለው አጥንት ሲጫኑት ካመመ፣ ራጅ ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው።

በቀርከሃ የታሰረ እግር ወይም እጅ ላይ ደግሞ ጣቶቹን ማየት ነው። ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ፣ ወይም ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያው ደም እየከለከለ ስለሆነ ወዲያው ይፈታና ሆስፒታል ይኬድ። በዚህ ምክንያት እግርና እጅ የተቆረጠባቸው ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች አሉ፤ ልጆችም ጭምር። ይህን ያህል ደጋግመን የምንናገረው ለዚህ ነው።

ወደ ስድስቱ ሳምንት እንመለስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ሺካጎ በሚገኘው ጋርዲነር ወታደራዊ ሆስፒታል ቶማስ ዴሎርም የተባለ ወጣት ሐኪም ጉልበታቸውን የተጎዱ ወታደሮችን ያክም ነበር። የዘመኑ ልማድ ቀላል እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ መደጋገም ነበር፤ እሱ ከባድ ክብደት በጥቂት ድግግሞሽ፣ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ሰጣቸው፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሥርዓቱ ሦስት ዙር በ10 ሆነ፦ መጀመሪያ 10 ጊዜ ሊነሳ ከሚችለው ክብደት ግማሹ፣ ቀጥሎ ሦስት አራተኛው፣ በመጨረሻ ሙሉው። ዛሬ በየጂሙ የሚሠራበት «ሦስት በ10» ከተጎዱ ሰዎች አልጋ አጠገብ የመጣ ነው። በረዶና ሙሉ እረፍት የሚለውን ምክር እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝኛ አራት ፊደል (RICE) ያስታወቁት ዶክተር ጌብ ሚርኪን ራሳቸው በ2014 በረዶና ፍጹም እረፍት ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፈዋል።

የስድስት ሳምንቱን ነገር በቀጥታ የፈተነ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በስዊድን የተረከዝ ጅማታቸውን የሚያምማቸው 38 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት የማጠንከሪያ ሥራ ተሰጣቸው፤ አንደኛው ቡድን ሕመሙን እየለካ መሮጥና መዝለሉን ቀጠለ፣ ሌላው ለስድስት ሳምንት ከሚያምመው ነገር ራቀ። ሁለቱም ተሻላቸው፤ መሮጣቸውን የቀጠሉት በምንም አልባሱም። መለኪያው ቀላል ነው። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት። በሥራ ላይ ከ5 አይለፍ፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ይመለስ፤ ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ አይሂድ። ለጀማሪ እኛ ወሰኑን 3 እናደርገዋለን፤ ሕመም ማንበብ ያልለመደ ሰው 5ን ብዙ ጊዜ 7 ሲሆን ነው የሚያውቀው።

ስብራት የሌለው የቁርጭምጭሚት ወለምታ እንዲህ ይያዛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በሚለጠጥ ፋሻ ማሰር፣ ሲቀመጡ እግርን ከልብ ከፍ ማድረግ፣ ሕመሙ በፈቀደው መጠን መራመድ። በረዶ ሕመም ለማስታገስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቻላል። እግርን ወደ ላይና ወደ ታች 20 ጊዜ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ ማንቀሳቀስ። ከዚያ በኋላ በሁለት እግር ቆሞ ተረከዝ ማንሳት 2 ዙር በ15፤ ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም፣ ሦስት ጊዜ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ የተዘለለበት ቁርጭምጭሚት ሚዛን የመጠበቅ ስሜቱ ስለማይመለስ ደጋግሞ ይጠማዘዛል። ሩጫ የሚጀመረው 30 ደቂቃ ፈጥኖ መራመድ ሳያምም ሲቻል፣ በተጎዳው እግር ብቻ ተረከዝ 20 ጊዜ ሲነሳና በዚያው እግር 10 ጊዜ መዝለል ሲቻል ነው። ሲጀመርም አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ መራመድ፣ 8 ጊዜ፣ አንድ ቀን እየዘለሉ።

በእነዚህ ሳምንታት የቀረው ሰውነት ምን አጠፋ? ተቀምጦ መግፋትና መሳብ ይቻላል፤ ጤነኛው እግርም ብቻውን ይሠራል። ጤነኛውን ጎን ማሠራት ለተጎዳው ጎን ጭምር ጥቂት ጉልበት እንደሚያተርፍ በአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ከተሠራ ሙከራ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ይታወቃል፤ ነርቭ ለሁለቱም ጎን አብሮ ይማራል።

እየተንቀሳቀሱ መዳን የማይሠራበት አንድ ጉዳት ግን አለ፤ የአጥንት ውጥረት ስብራት፣ ማለትም ጫና ሲደጋገምበት አጥንት ላይ የሚፈጠር ስንጥቅ። ቅልጥም ላይ ዘርዘር ብሎ በውስጠኛው ጠርዝ የሚሰማ ሕመም ብዙ ጊዜ ሩጫ በመቀነስ ይታከማል፤ በአንዲት ነጥብ ላይ ሲጫኑት የሚያስጮህ፣ በአንድ እግር ሲዘሉ የሚወጋና ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ሩጫና ዝላይ ይቁም፣ ሐኪም ይይ። የወር አበባዋ የቀረ ሯጭ ይህን በተለይ ልብ ትበል። ወገቡን ያመመው ሰው አልጋ ላይ አይክረም፤ ነገር ግን በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት አለመቆጣጠር ወይም የእግር አቅም ማጣት ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ካርዲዮ ጡንቻ ይበላል?

የዚህ ፍርሃት ምንጭ ሮበርት ሂክሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው ጥናት ነው። ለ10 ሳምንት ክብደት በሳምንት 5 ቀን፣ ከዚያ በተጨማሪ 6 ቀን ከባድ የጽናት ልምምድ ያደረጉ ሰዎች እስከ ሰባተኛው ሳምንት አካባቢ ሲጠነክሩ ቆይተው ከዚያ ቆሙ፣ በመጨረሻም ቀነሱ። በሳምንት 11 ልምምድ ማለት ነው። ሦስት ቀን ክብደት የሚያነሳና ሁለት ሦስት ቀን የሚራመድ ጀማሪ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 (እ.ኤ.አ.) መመሪያም ሁለቱንም ይጠይቃል፦ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ የጡንቻ ሥራ። መካከለኛ ማለት እየተንቀሳቀሱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን የማይቻልበት ነው። በአንድ ቀን ሁለቱንም የሚሠራ ሰው ክብደቱን ያስቀድም።

ጉዳት ያለበት ሰው የሚመርጠው የቱን ነው? ከጉልበቱ ፊት የሚያምመው ሰው ጠላቱ ቁልቁለት ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በእግር ወጥቶ ሲመለስ ታክሲ መያዝ ለእሱ ጥሩ ካርዲዮ ነው። የተረከዝ ጅማቱን ወይም ባቱን የሚያምመው ሰው ግን በተቃራኒው ዳገቱን ይተው፤ ሽቅብ ሲሄዱ ጅማቱ ይበልጥ ይወጠራልና ሜዳ ሜዳውን ይያዝ። የጂም ብስክሌት ለሁለቱም ይሆናል፤ ኮርቻው ዝቅ ካለ ግን ጉልበት ከልክ በላይ ይታጠፍና ሕመሙን ያመጣዋል። ልኩ እንዲህ ይገኛል፦ ተረከዝን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ወደ ታች ሲደርስ እግር ቀጥ ማለት አለበት፤ ከዚያ በእግር ፊት ሲረገጥ ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል። ወገቡን የሚያምመው 30 ደቂቃውን በሦስት ከፍሎ 10 ደቂቃ በ10 ደቂቃ ይራመድ። ጭራሽ እግሩን መርገጥ የማይችል ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ደቂቃ ቡጢ ወደ ፊት እየሰነዘረ፣ አንድ ደቂቃ እያረፈ፣ 10 ጊዜ ይሥራ፤ ትንፋሽ እንደሚያስወጣ የሚያውቀው የሞከረው ነው። ከዱባይ ወይም ከሌላ ዝቅተኛ ቦታ ለእረፍት አዲስ አበባ የገባ ሰው ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ያንኑ ፍጥነት ሲይዝ ልቡ አብዝቶ ቢመታ አይደንግጥ፣ ፍጥነቱን ይቀንስ። በየትኛውም እንቅስቃሴ ላይ የደረት መጨነቅ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ወይም ራስ መሳት ካለ ግን ወዲያው አቁሞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ከጉዳት ወይም ከሕመም በኋላ ወደ ክብደት የሚመለስ ሰው ሁለት ሳምንት ካቋረጠ በደብተሩ ላይ ካለው የመጨረሻ ክብደት ከ70 እስከ 80 በመቶ ይዞ በሁለት ዙር ይጀምር። ከሁለት ወር በላይ ካቋረጠ እንደ አዲስ ጀማሪ አንድ ዙር ይሥራ፤ በየሳምንቱ አንድ ዙር እየጨመረ ሦስት ሲደርስ ክብደቱን መጨመር ይጀምር።